ስድስቱ ቀናትና የእኔ ሽማግሌዎች

ይድረስ ለተወደዱት አባቴ ለመምህር ምልኬሳ፤

አባዬ፥ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን የሚያምዎትስ ተሻለዎት? እማዬ እንዴት ናት? የነጌሌ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? ተማሪዎችዎስ በርትተዋል ወይስ አሁንም ከትርጓሜው ይልቅ እንቅልፉ ይቀናቸዋል? እኔ፥ ወንድምዎ ጋሼ ለሜሳና ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ባለፈው በስልክ ሽማግሌዎቹ ያለ መልስ ተመለሱ ብዬ ስነግርዎት መስመሩ ተቋረጠ። ምን አጥፍተው ይሆን እያሉ ሲጨነቁ እንደከረሙ አውቃለሁ። አሁን ይተዉት፤ ይህን የምጽፍልዎት እየሳቅሁ ነው። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ከሥሩ ላስረዳዎት።

የወንድወሰን ሽማግሌዎች እኔን ለጋብቻ ሊጠይቁ አያት እኛ ቤት የመጡት በጥቅምት ነው። አባቱ አቶ ገሰሰ እንደ ወጉ ቤታቸው ሆነው መልስ መጠበቅ ሲገባቸው አላስችል ብሏቸው ተከትለው መጡ። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ልጃቸው እንደሚለው ጡረታ የወጣው ደመወዛቸው እንጂ ማስተማራቸው አይደለም። ጋሼ ለሜሳ ደግሞ እርስዎን ወክለው የተቀመጡ ስለሆነ ጋቢያቸውን ደጋግመው እያስተካከሉ ቅጭም ብለው ነበር።

ዋናው ሽማግሌ ተነሥተው፥ እግዚአብሔር በስድስተኛው ቀን ሰውን ወንድና ሴት አድርጎ እንደ ፈጠረ አውስተው “ልጃችሁን ለልጃችን” ሊሉ ሲቃረቡ አቶ ገሰሰ ጣልቃ ገቡ። ስድስተኛው ቀን ሲባል የግድ እንደኛ ቀን ላይሆን ይችላል አሉ። በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን የእስክንድርያ መምህራን፥ ፀሐይ የተፈጠረችው በአራተኛው ቀን ከሆነ የፊተኞቹ ቀናት በምን ተለኩ ብለው ጠይቀዋል፤ ቀናቱ የፍጥረትን ሥርዓትና ምሥጢር የሚያሳዩ ምሳሌዎች ናቸው ያሉም ነበሩ ብለው አብራሩ። እኔና እትዬ ብርቄ ከማድ ቤት እንሰማ ነበር። እትዬ ብርቄ ግንባራቸውን ያዙ።

ጋሼ ለሜሳ ቀን ቀን ነው አሉ። ማታም ሆነ ጥዋትም ሆነ ተብሎ ተጽፏል አሉ። የፈጣሪን ቀን ምሳሌ ነው የሚል ሰው ነገ የገባልኝንም ቃል ምሳሌ ነበር ቢለኝ ምን ልመልስ ነው ብለው ሽማግሌዎቹን ያለ ቀጠሮ ሸኟቸው። አባዬ፥ ሽማግሌ መጀመሪያ መመለሱ ወግ ነው፤ ያለ ቀጠሮ መመለስ ግን እምቢታ ነው። ያን ቀን አለቀስኩ። ይህን ያህል ተዋደን ዓለም ሲፈጠር በሆነ ነገር ልንለያይ ነው ብዬ ፈጣሪንም ጭምር አኮረፍሁት።

በማግስቱ ወንድወሰን ቦሌ ለሚ ከልብስ ስፌት ፋብሪካችን በር ላይ ጠበቀኝ። አባቱ አንገታቸውን ደፍተው፥ ግማሹን እኮ አላስጨረሱኝም እያሉ ይቆጫሉ አለኝ። ግማሹ ምንድን ነው ስለው፥ የአንጾኪያ መምህራን ደግሞ የለም፥ ውኃ ሲባል ውኃ ነው፥ ዛፍም ሲባል ዛፍ ነው፥ የተጻፈውን አታትንኑት ብለው ከእስክንድርያዎቹ ጋር አጥብቀው ተከራክረዋል አለኝ። ይህን ለጋሼ ለሜሳ ስነግራቸው ከተቀመጡበት ተነሡ። እነዚያ የአንጾኪያ ሰዎች አስተዋዮች ናቸው አሉ።

ከዚያ ወዲያ ጠባያቸው ተለወጠ። ከእትዬ ብርቄ ጋር ሾላ ገበያ ሲሄዱ ባቡሩ ላይ ሆነው ለአቶ ገሰሰ የሚሰጡትን መልስ እያሰናዱ ብቻቸውን ፈገግ ይላሉ አሉ። እርሻችን ለኮንዶሚኒየም ተወስዶ ከቀረ ወዲህ እንዲህ ሥራ ሲበዛበት አላየሁትም ይላሉ እትዬ ብርቄ። በመጨረሻም ጋሼ ለሜሳ ራሳቸው፥ ያ አስተማሪ ይምጣና ይጨርስ ብለው ላኩ።

ያለፈው እሁድ አቶ ገሰሰ ሽማግሌዎቹን ይዘው መጡ። ሰላምታው ሳያልቅ ጋሼ ለሜሳ ጀመሩ። እዚህ ስናርስ በክረምት ፀሐይ ሳናይ የምንውልበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ ታዲያ ያ ቀን ቀን አልነበረም ወይ? ብርሃን እንደሆነ አስቀድሞ ተፈጥሯል፤ ፀሐይን ምን አስጠበቀን? አሉ። አቶ ገሰሰ ከት ብለው ሳቁ። እንዲህ ብለው የመለሱ የጥንት መምህራን እንዳሉም ነገሯቸው። ጋሼ ለሜሳ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

በዚያው ደስታ እንግዳቸውን ወደ በረንዳው ወሰዷቸውና፥ ያ የሽምብራ ማሳዬ ነው፥ ከሱ ወዲያ ደግሞ የምልኬሳ ጤፍ ብለው ወደ ታች አሳዩአቸው። አቶ ገሰሰ ቁልቁል አይተው፥ እኔ የሚታየኝ የቆሙ መኪኖች ናቸው፤ ማሳ የሚሉኝን እንዴት ልረዳው? አሉ። በክፋት አልነበረም። ጋሼ ለሜሳ ግን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ፊታቸውን ወደ መኪኖቹ አዞሩ። አለቀልኝ ብዬ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን፥ መኪና ማቆሚያ ነው፤ አንድም ማሳዬ ነው አሉ።

አባዬ፥ ይህ እኮ የእርስዎ አነጋገር ነው! ነጌሌ ሳይሄዱ፥ እዚህ ሲያስተምሩ፥ ንባቡን መጀመሪያ በቁሙ ይፈቱና “አንድም” ብለው ሌላ ፍቺ ይጨምሩ ነበር፤ የፊተኛውን ሳያፈርሱ። ልጅ ሆኜ ሁለቱ እንዴት አይጣሉም እያልኩ እገረም ነበር። አቶ ገሰሰ የጋሼ ለሜሳን ክንድ ያዝ አድርገው፥ እኔም ማለት የፈለግሁት ይህንኑ ነው አሏቸው። ጋሼ ለሜሳ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ፥ ቀኑ ግን ቀን ነው አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያም ወደ ውስጥ ገብተው ሰጥተናል አሉ። እትዬ ብርቄ እልልታቸውን ሲያቀልጡት ከላይኛው ፎቅ ጎረቤቶቻችን ተቀበሏቸው። ደስ ብሎኛል አባዬ፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ሠርጉ ጥር 17 እሁድ ነው። ቀኑን የቆረጡት ጋሼ ለሜሳ ሲሆኑ፥ ይህ ማታና ጥዋት ያለው እሁድ ነው፤ ገሰሰ እንዳይተረጉምብኝ ብለው አስጠንቅቀዋል። ትናንትም ተገናኝተው ሲከራከሩ አመሹ፤ ገና ከመጀመሪያው ቀን አላለፉም።

እማዬን ጉንጮቿን ሳሙልኝ፤ ቀሚሷን እኔ ራሴ ነኝ የምሰፋላት። ለእህቴ ለሜቲ ሚዜዬ እንደሆነች ንገሯት፤ ከአሁኑ መኩራራት ትጀምር። ወንድሜ ቶሚም የጫማ ቁጥሩን ልኮ ዝም ይበል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልኝን ጎረቤታችሁን ሃይደርን ሻይ ሳትጋብዙ እንዳትሸኙት።

አንድ ነገር ቀረኝ፥ አባዬ። ነጌሌ ከሄዱ ጀምሮ በደወልኩ ቁጥር፥ ተማሪዎቹ ይድረሱልኝና አንድ ቀን እመጣለሁ ይሉኛል። ያንን አንድ ቀን እንደ እስክንድርያዎቹ ስተረጉመው ኖሬአለሁ፤ ናፍቆት ማለቱ ነው፥ ፍቅር ማለቱ ነው እያልኩ። እውነትም ነው። ይህችን ግን በቁሟ ያንብቡልኝ። ጥር 17 ቀን ነው፤ አንድም የለውም። ይምጡልኝ።

ልጅዎ ቢሊሱማ
አያት፥ አዲስ አበባ
ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.