የተላላኪዋ ፊደል

ግንቦት 3 ቀን 1973

ከሁሉ በፊት ይኸን ልጻፍ፦ ሠርካዲስ ማንበብ አትችልም። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ተላላኪ፣ ከቀጨኔ እስከ እንጦጦ ግርጌ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለአሥራ ዘጠኝ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ያደረሰች ሴት። ዛሬ ራሷ ነገረችኝ።

ጎመኑን ስኮተኩት በሩን አንኳኳች። ከትምህርት ቤት ዲሬክተርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መጥታ አታውቅም። ሰኔ 30 እሷም ትወጣለች። በቢሮው ልማድ ደግሞ ተሰናባች የምስጋና ወረቀቱን ሠራተኛው ፊት ቆሞ ራሱ ያነባል።

«ታምሜያለሁ ልበል ይሆን፣ ጋሼ? ሠላሳ ዓመት ተከብሬ በመጨረሻዋ ቀን ልዋረድ?»

አላመንኳትም... እንዴት ይታመናል?

ግንቦት 5

ጠየቅኳት። እንዴት ሳትሳሳቺ?

«የትምህርት ቤቱን ስም እንደ ሰው መልክ ነው የማውቀው። የእርስዎ ትምህርት ቤት መጀመሪያው ላይ ሦስት እግር፣ መጨረሻው ላይ ቀለበት ነበረው።»

አብዮቱ መጥቶ ስሞቹ ሲቀየሩስ? ሳቀች።

«ያኔማ ባንድ ሳምንት መልካቸውን ለወጡብኝ። ከስቼ ነበር እኮ!»

ሌላም አለ። ዲሬክተር ሳለሁ ደብዳቤ ስታመጣልኝ «አድራሻውን ጮክ ብለው ያንብቡና ይፈርሙ» ትለኝ ነበር። ሥርዓት አዋቂ ናት ብዬ በዲሬክተሮች ስብሰባ ላይ አመሰገንኳት። ሁሉም እንዲህ ያድርግ አልኩ! ለካ ስናነብላት እያረጋገጠች ኖሯል። የሌላ ከሆነ «ውይ፣ ተደባልቆብኝ» ብላ መልሳ ትወስዳለች።

ሃያ ሦስት ዓመት እያየኋት አላየሁም። ምን ነበር የማየው?

ግንቦት 19

ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ ፊደል ላስቆጥራት ትመጣለች። ቀበሌ ሄዳ መሠረተ ትምህርት አትመዘገብም፤ ወሬው ቢሮ ይደርሳል ብላ። ዛሬ ስሟን ጻፈች፣ በእሳቱ ሰ። ማኅደርሽ ላይ በንጉሡ ሠ ነው፣ አስተካክዪ አልኳት።

«ንጉሡማ ወረዱ እኮ፣ ጋሼ።»

ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል! ሳቄ አሸነፈኝ። ግን አሥር ጊዜ አስጻፍኳት።

ሰኔ 12

«ምስጋና»ን ሁለት ጊዜ ሳተች። ተቆጣሁ።

«የእንጦጦን ዳገት ስወጣ ማንም ተቆጥቶኝ አያውቅም» አለች። «ቀስ እያልኩ ነው የምደርሰው።»

አፈርኩ።

ሰኔ 30

አዳራሹ ሞልቷል። የአስተዳደር ኃላፊው ጓድ ይገዙ ወረቀቱን ሰጣት። እኔ ከተጋባዦች መሐል ነኝ፤ እሷ በሁለት እጇ ተቀበለች።

አንድ ቃል... ቆም። ደግሞ አንድ ቃል። ታይፒስቷ ዓለምፀሐይ ከኋላ፣ «እማማ ሠርኬ፣ ዛሬ ምነው ዳገት ሆነብዎ?» አለች። ሰዉ ሳቀ።

ሠርካዲስ ቀና አለች። «ዳገት ነው፣ ልጄ። ፊደል የቆጠርኩት ከግንቦት ወዲህ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ማን ጠየቃት? ዝም ብትል ያልፍ ነበር። ወደ ወረቀቱ ተመልሳ እስከ መጨረሻው አነበበች፤ አንድ ፊደል ሳትስት። መጀመሪያ ጓድ ይገዙ ከወንበሩ ተነሣ። ከዚያ ሁሉም። ዓለምፀሐይ ሄዳ ጉልበቷን ልትስም ስትል ሠርካዲስ አንገቷን አቀፈቻት።

ሠላሳ አራት ዓመት አስተማርኩ። እንዲህ ያለ ንባብ ሰምቼ አላውቅም።

ሐምሌ 14

ፖስታ ሣጥኔን ስከፍት አንድ ደብዳቤ። ጽሕፈቱ ትልልቅ፣ መስመሩ ወደ ላይ የሚወጣ። ቤት ገብቼ እንደ ልማዴ ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁ። አራት ስሕተት አለው... መልሼ አስቀመጥኩት። ሳላርም እዚህ እገለብጠዋለሁ ብል ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ፤ ፊደሉን አቀናሁ፣ ቃሉን አልነካሁም።

«ይድረስ ለጋሽ አጥናፉ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይኸን ስጽፍ ማንም አላገዘኝም። በዕድሜዬ ስንት ደብዳቤ ተሸክሜያለሁ፤ በስሜ የመጣልኝ ግን አንድም የለም። የልጄን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ከጀርባው ጽፌያለሁ። በእጅ እንዳይሰጡኝ፣ ፖስታ ቤት ያስገቡልኝ። እባክዎ ጋሼ፣ ቶሎ መልስ ይጻፉልኝ።»