ደረትሽ ላይ ያለው ቁጥር

ሐምሌ 5 ቀን 1988 ዓ.ም.

ልጄ ብፅዓት፣ መድኃኔዓለም ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ፤ በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ዝናቡ ግን የጓሮውን አጥር ጥሎታል።

ከለንደን የላክሽው ፎቶ ደርሶኛል። ደረትሽ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘውን ቁጥር ሳይ ፎቶውን ገልብጬ አስቀመጥኩት። በዓመቱ ረጅሙ ቀን የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ለጨዋታ ሮጠ፣ ፀሐይዋም እስከ ማታ ሦስት ሰዓት አልጠለቀችም ብለሻል። የፀሐይዋን እሺ ልበል፤ ለጨዋታ ግን ሰው ላይ ቁጥር ይለጠፋል? አባትሽን ደርግ ሲያስረው ደረቱ ላይ ቁጥር አስይዘው ፎቶ አነሱት፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ፎቶ የለውም።

ላብሽ ሳይደርቅ ብርድ ላይ አትቁሚ። እባክሽ፣ ቁጥሩን አውልቀሽ፣ ቁጭ ብለሽ ሌላ ፎቶ ተነሺና ላኪልኝ።

በስምሽ የሚያውቅሽ አምላክ ይጠብቅሽ።

እናትሽ ሮማንወርቅ