የሚካኤል ዕለት የበላሁት ዳቦ

ታኅሣሥ 10፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ገለባ ስሸከም ዋልኩ። አንገቴን ይበላኛል። ት/ቤት ዛሬም ቀረሁ፤ ውቂያው እስኪያልቅ ነው ተብሏል። ዘንድሮም ስድስተኛን ሳልጨርስ ልቀር ነው።

እህቴ እታገኝ እኛ ቤት ከመጣች ሦስት ሳምንቷ። ወጉ ነው፤ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል። ስትቀመጥም ስትነሣም ግድግዳ ይዛ ነው። ሆዷን ላለማየት ዓይኔን ወዲያ አደርጋለሁ። የምትወልደው እሷ፣ የማፍረው እኔ።

እማዬ ጓዳ ጠርታ መከረችኝ። ቀኑ ሲደርስ አዋላጇን እማማ ስንዱን የምጠራው እኔ ነኝ። በመንገድ ለሚጠይቀኝ እንዳልናገር። ብዙ ሰው የሰማው ም. ይጠናል፣ ይረዝማል። ለእማማ ስንዱ ብቻ፣ በጆሯቸው። እሺ አልኳት።

ደብተሬ፣ ቃሉን ላንተም ሙሉውን መጻፍ አፈርኩ። የመውለጃውን ሕመም ማለቴ ነው። ም. ብዬ እተወዋለሁ።

ታኅሣሥ 13፣ ዓርብ፣ ጠዋት

ወንድ ልጅ። ትናንት። ሰባት ጊዜ እልል ተባለ። እኔ አንዱንም አላልኩ።

ልጁ ደህና ነው። እታገኝ ደህና አይደለችም። እማማ ስንዱ ሲደርሱ ልጁ ወጥቶ ነበር። የተቀበሉት እማዬና ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ናቸው። መጀመሪያ አላለቀሰም። ከዚያ የእንግዴ ልጁ አልወጣ አለ። ደሙ ከመደቡ ወርዶ መሬቱን አራሰው። በመጨረሻ ያወጡት እማማ ስንዱ ናቸው፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው።

ሰው ሁሉ ዓርብ ገበያ ወርዷል። እኔ የራሰውን አፈር እየቆፈርኩ አወጣለሁ። ሌላ አፈር አምጥቼ እደለድላለሁ። እታገኝ ከመደቡ ታየኛለች። በርቺ የኔ እህት ትለኛለች። እኔን።

እማማ ስንዱ ለምን እንደዘገዩ ዛሬ አልጽፍም።

ታኅሣሥ 15፣ እሑድ

ቤቱ በሴት ሞላ። እንኳን ማርያም ማረችሽ እያሉ ይገባሉ። ለእታገኝ ገንፎው በቅቤ፣ ለእነሱ በተልባ፤ ጾም ነው። አንዷ የቅቤው ሽታ ፈተነኝ ብላ አፍንጫዋን ያዘች። ሌላዋ፣ አፍንጫሽ ከገደፈ ለነፍስ አባትሽ ይናዘዝ አለቻት።

ከዚያ ስለ ም. ማውራት ያዙ። ያፍራሉ ብዬ ነበር። አያፍሩም። አንዷን ከገበያ ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ ያዛት። ልጇን በነጠላ ጠቅልላ፣ የገዛችውን ጨው ተሸክማ፣ በእግሯ ገባች። ባሏ መጀመሪያ የጠየቀው ጨው ስንት ገባ ብሎ ነው። ሌላዋ ሁለት ቀን ተጨንቃ ሦስተኛው ቀን ላይ ባሏ ደጅ ሆኖ ሲነፋረቅ ሰማች።

«ለመሆኑ የምትወልደው አንተ ነህ? ብዬ ሳቄ መጣ። በሳቁ ልጁ ወጣ» አለች።

እታገኝም ሳቀች። ከንፈሯ አሁንም ነጭ ነው።

እትዬ ሙሉ አልሳቁም። እማማ ስንዱ ጠላቸውን ትተው በጊዜ ቢመጡ ይቺ ልጅ እንዲህ አትገረጣም ነበር አሉ። ልጅ ሞተም ተረፈም የሚካኤል ማኅበሩ አይቅርባቸው አሉ። የእትዬ ሙሉ ምራት በዚህ ወር ትወልዳለች። እማማ ስንዱን ደጄን አላስረግጥም፣ ከወንዝ ማዶ ሌላ አዋላጅ አስመጣለሁ አሉ። ከንፈር የመጠጠ አለ።

እኔ ገንፎ እያማሰልኩ ነበር። አንገቴን አላቀናሁም።

ታኅሣሥ 16፣ ሰኞ

እሺ። ልጻፈው።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ተላክሁ። ሮጥኩ። ግማሽ ሰዓት። እማማ ስንዱ ቤት የሚካኤል ማኅበር ነበር፤ ተረኛው ባላቸው ናቸው። ከቅዳሴ ወጥተው ገና መቀመጣቸው። ቤቱ ወንድ ብቻ፣ ካህኑ አባ በመካከል። በሩ ላይ ስቆም ሁሉም ዞረ። አባ ምን ልከውሽ ነው ልጄ አሉኝ። እንዲሁ ነው አባ አልኩ። አንድ ሽማግሌ፣ እንግዲያ ሚካኤል ነዋ የላካት፣ ስፍራ ስጧት አሉ። ተሳቀ። እንስራው አጠገብ ተቀመጥኩ።

እማማ ስንዱ ዳቦ ሰጡኝ። በላሁት። እህቴ በዚያ ሁኔታ ላይ ሳለች ዳቦ በላሁ።

ጠላ ሊቀዱ ሲመጡ ሁለት ጊዜ ጉልበቴን ነክተውኝ አለፉ። ጆሯቸው ያን ያህል ቅርብ ነበር። ቀሚሳቸውን ሳብ ባደርግ ይበቃ ነበር። ለሰው አትናገሪ ተብያለሁ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እውነቱ ሌላ ነው። አፈርኩ። ስንሾካሾክ ወንዶቹ ያዩናል፣ ምን እንደሆነ ያውቃሉ ብዬ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አባ አሳርገው ተነሡ። ያኔ ነገርኳቸው። እማማ ስንዱ እጄ ላይ የቀረውን ቁራሽ አዩት። ነጠላቸውን አንሥተው ሮጡ፣ በዚያ ዕድሜያቸው።

ቤት ስንደርስ እማዬ ምን አቆየሽ አለችኝ። ማኅበር ላይ ነበሩ አልኩ። ውሸት አይደለም። ከውሸት ይብሳል። ሁሉም ተነግሯቸው የቀሩ መሰለው። እማማ ስንዱ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ሰምተዋል። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

ታኅሣሥ 18፣ ረቡዕ

ምንጭ ወረድኩ። እማማ ስንዱ አሉ። ሴቶቹ ራቅ ራቅ ብለውላቸዋል። ለክብር አይደለም።

ልመለስ ስል ጠሩኝ። ወተቷ ወረደላት ወይ? አዎ። ደሙስ? ቆሟል። ትቆማለች? ትንሽ ትንሽ። አብሽ በጥብጣችሁ አጠጧት አሉ። ስለዚያ ቀን አንድ ቃል የለም። እንስራዬን አንሥተው አሸከሙኝ። አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር እያልኩ፣ እንስራው ከብዶኛል ብዬ ሄድኩ።

የሞላሁት ግማሽ ነበር።

ታኅሣሥ 19፣ ሐሙስ

ዛሬ የማውራቱ ተራ የእማዬ ነበር። የተረከችው የእኔን መወለድ ነው። ልጥፋ አልኩ፤ ይዘው አስቀመጡኝ።

ያን ቀን አማቶቿ ቤት ተዝካር ነበር። እሷ የወንዶቹን እጅ ታስታጥባለች። ም. ያዛት። አማቷ ፊት መናገር አፈረች። ጥርሷን ነክሳ ሁሉንም አስታጠበች፣ ፎጣውን አጣጥፋ አስቀመጠች፣ ከዚያ ጎተራው ሥር ገብታ ብቻዋን ወለደችኝ። እትዬ ሙሉ፣ ዝናሽ ድምፅዋ የማይሰማው ጎተራ ሥር ተወልዳ ነዋ አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እማዬ ፀጉሬን ዳበሰችኝ። እኔን ነው የወጣችው አለች፣ ኮርታ።

የእማዬ ዝምታ የጎዳው እማዬን ነው። የእኔ እህቴን ጎዳ። ጥፋቱ ደግሞ እማማ ስንዱ ላይ ወደቀ። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ስለ እኔ ብለው ዝም አሉ። አንዷ ስለ ራሷ።

ታኅሣሥ 21፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

እትዬ ሙሉ በጓሮ በር መጡ። ከእማዬ ጋር ተንሾካሾኩ። ምራታቸውን ከንጋት ጀምሮ ይዟታል፤ ሽርት ውሃዋ ፈሷል። ልጃቸውን በበቅሎ ወንዝ ማዶ ሊልኩት ነው። ደርሶ እስኪመለስ ይመሻል። እማማ ስንዱ ግን ግማሽ ሰዓት ናቸው። እማዬ ይህንኑ አለቻቸው። የስንዱን ስም አታንሺብኝ ብለው ወጡ።

በእታገኝ ላይ የደረሰው በሷም ሊደርስ ነው። በእኔ ምክንያት።

እሄዳለሁ። በቅሎዋ ያለችበት አውድማ ላይ ወንዶቹ ሁሉ አሉ። ይኑሩ። በቅሎዋ ሳትወጣ ለእትዬ ሙሉ፣ እማማ ስንዱ አልቀሩም፣ ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ እላለሁ። ስለ ዳቦውም እናገራለሁ። ከዚያ ሮጬ እማማ ስንዱ በር ላይ ቆሜ፣ ቤቱ ወንድ ቢሞላም፣ አባም ቢኖሩ፣ በጆሮ ሳይሆን በድምፅ፦ ምጥ ነው፣ ይድረሱ።

ምጥ። ይኸው ጻፍኩት።

የበቅሎዋ ልጓም ይሰማኛል። እየጫኗት ነው። እታገኝ የት ልትሄጂ ነው አለችኝ፣ ለሷም ገና አልነገርኳትም፣ መጀመሪያ ለሷ ልንገራትና