የሺራናሚ ጠባብ ደረጃ

ሳሴቦ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1944

ለምሳሳልህ ልጄ ለኢሳሙ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉንፋኑ ለቀቀህ? እኔና አያትህ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልልከውም፤ አለቆቻችሁ ከፍተው ያነቡታል። የመርከባችሁ ወጥ ሠሪ ታዶኮሮ በፈቃድ ወጥቶ እዚህ አጠገባችን ካለው ቤቱ ነው፤ ነገ ሲመለስ በእጅህ ይሰጥሃል። አንብበህ አቃጥለው።

አዲስ ስም ቢያወጡላትም ለእኔ ያቺ መርከብ ዛሬም ሺራናሚ ናት። አውሮፕላን ተሸካሚ ሳያደርጓት በፊት፣ መንገደኛ ስታመላልስ፣ ስንት ዓመት አልጋ አንጥፌባታለሁ። እዚያ መመደብህን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። የማውቀው ቤት የገባህ መስሎኝ።

አሁን ግን እንቅልፍ የለኝም። የምሠራበት ሆስፒታል ውስጥ ማንም እንዳይገባበት የታዘዘ ክፍል አለ። ትናንት ዘበኛው ከበሩ ዞር ሲል አንሶላ ላነሣ ገብቼ እጁ የተቃጠለ መርከበኛ አገኘሁ። በአንተ ዕድሜ ነው። ውሃ እያጠጣሁት ያንተን መርከብ ነገር ባነሣበት፣ "እማማ፣ የእኛም መርከብ ድሮ የመንገደኛ ነበረች" አለኝ።

"ነበረች?" አልኩት።

"ግድግዳዋ ስስ ነው። ስትመታ መብራቱ ጠፋ። ከታች የነበሩት መውጫው ጠፋባቸው። ሲጮኹ እሰማቸው ነበር።"

ዘበኛው ክንዴን ይዞ አወጣኝ። "ሴትዮ፣ የሰማሽው ነገር አለ?" አለኝ።

"ጆሮዬ ደካማ ነው፣ ጌታዬ" አልኩት።

ስለዚህ ስማኝ። ከሞተር ክፍሉ በላይ፣ ድሮ የሁለተኛ ማዕረግ ምግብ አዳራሽ ከነበረው ጀርባ፣ ሳህን የምናመላልስበት ጠባብ ደረጃ አለ። ቀጥታ ወደ ላይ ያወጣል። ዘግተውት እንደሆነ ይህን እንዳነበብክ ወዲያው እይ። ካልዘጉት ዓይንህን ጨፍነህ፣ ግድግዳውን እየዳሰስክ ተለማመደው። ጓደኞችህ "እናቱ አስፈራርታው ነው" ብለው ቢያፌዙብህ ያፊዙ። ለእነሱም አሳያቸው።

እዚህ ላይ ሳለሁ የታዶኮሮ ሚስት መጣች። መርከቧ ዛሬ ጠዋት በድንገት ወጥታለች፤ ባሏ ወደብ ላይ ቀረ። "ምን ያስለቅስሃል፣ ተረፍክ እኮ" ብትለው፣ "ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል" ብሎ አፏን ያዛት። ደብዳቤውን የሚያደርስልኝ ሰው የለም።

ቢሆንም እጨርሰዋለሁ። አያትህ "ታዲያ ለማን ነው የምትጽፊው?" አለችኝ። "ለኢሳሙ ነዋ" አልኳት። ቀለሙን አስጠጋችልኝ። ስትመጣ ራስህ ታነበዋለህ። "እማ፣ በከንቱ ነው የፈራሽው" ብለህ ትስቅብኛለህ። የፈለግከውን ያህል ሳቅብኝ፣ ልጄ።

ባሕሩ ይራራልህ። በወጣህበት እግርህ ይመልስህ።

እናትህ ሂሳኖ