የአቦ ዕለት የታጨደ ስንዴ

ኅዳር 4
ዛሬም በእግር። አራት ማሳ አየሁ፣ ጫማዬ አፉን ከፈተ። ከደብረ ኤልያስ ወረዳ ግብርና ቢሮ መልእክት መጣ፦ በዚህ ሳምንት ዝናብ፣ ምናልባትም በረዶ፤ ለአርሶ አደሩ ንገሩ። ነገርኩ። ወንዶቹ ሽቅብ አዩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ሀያ አምስት ዓመት ያልሞላት የግብርና ሠራተኛ ማን ያምናል?

እትዬ ሥራነሽ ብቻ አመነችኝ። ባሏ እንዳላማው ካረፈ ሁለት ዓመቱ። የእሷና የሁለት ልጆቿ ቀለብ ያቺ አንዲት የስንዴ ማሳ ናት።
«ነገ እጨጂው» አልኳት።
«ነገ እኮ አቦ ነው።»
ሉማሜ ከተማ ነው ያደግሁት። በየወሩ በአምስት የሚውለውን አቦ እኛ ሰፈር ሥራ ፈትቶ የሚያከብር አላውቅም። ሳቅሁ መሰለኝ። «አቦ ይቅር ይሉሻል» አልኳት።

ኅዳር 5
አጨደች። ብቻዋን። አገሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የእሷ ማጭድ ድምፅ እስከ መንገዱ ይሰማል። ከመጀመሯ በፊት አማተበች።

ኅዳር 8
በረዶ። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ቢሮው በር ላይ ቆሜ እጄን አፌ ላይ ጭኜ አየሁ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም… መሬቱ ነጣ። ሲያባራ የሰባ ዓመቱ አዛውንት የአያ አበረ ስንዴ የለም፤ ገለባው ጭቃ ውስጥ ተኝቷል። ከሁሉም የከፋው የእሳቸው ነው። የሥራነሽ ክምር ግን እንደቆመ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ሰው ሁሉ ወደ ክምሩ ያያል።

ኅዳር 10
በሁለት ቀን ስም ወጣላት። «በዓል ሻሪዋ»። በረዶውን የጠራችው እሷ ናት አሉ። ምንጩ ላይ ስትደርስ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ሳይሞሉ አንስተው ሄዱ። በዓይኔ አየሁ። አንድ ቃል ይህን ያህል ጉልበት አለው? አርባ ዓመት ሙሉ በዓል አክብራለች፤ የሻረችው አንድ ቀን ነው። ያ ሁሉ ሌላው ቀን የት ገባ?

ኅዳር 14
ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። «ለእሷ ደቦ የወጣ ከእኛ አይደለም» ብለው ተነሱ።

አላስችል አለኝ። ቄስ ገዳሙ ዘንድ ሄድኩ። «አባ፣ እጨጂ ያልኳት እኔ ነኝ።»
ፈገግ አሉ። «አንቺማ እንግዳ ነሽ ልጄ። ምን ታውቂያለሽ?»
መስቀል አሳልመው ሸኙኝ። በቃ? ጥፋቱ የሁለታችን ነው፤ እሷ ላይ ተጣበቀ፣ እኔ ላይ ሊያርፍ እንኳ አልፈለገም። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ… ስመለስ ቀሎኝ ነበር።

ኅዳር 21
ጽዮን ማርያም። ሥራነሽ ደጇ ላይ የዘራቻትን ጥቂት ሽንብራ ታርማለች። በጽዮን… በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ ዳር።
«ምን ነካሽ እትዬ?»
ቀና አላለችም። «ምን ይነካኛል? ብሠራም ሻሪ፣ ባልሠራም ሻሪ። እንግዲያው አረሜን ልጨርስ።»
«ሰዉ እያየሽ ነው እኮ።»
«ይየኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።»
ዛሬ አላማተበችም። ያልነበረችውን ሴት በስም ጠርተው አመጧት።

ኅዳር 28
ክምሩን ምስጥ ጀመረው። በየደጁ ዞራ ለታኅሣሥ 2 የውቂያ ደቦ ጠርታለች። እሺ ያላት የለም፣ እምቢም ያላት የለም። የራሷ በሬ የላትም። ስንዴው እንዲሁ ካለቀ ቤቱን ዘግታ፣ ልጆቿን ይዛ ደብረ ማርቆስ ሰው ቤት ልትቀጠር ነው። ራሷ ነገረችኝ።

ታኅሣሥ 2


ጠላው ደርሷል፣ አውድማው ተለቅልቋል፣ የተቀመጥነው እሷና እኔ። ረፋዱ አለፈ። ሰው በመንገዱ ያልፋል፣ አንገቱን አዙሮ። በመጨረሻ ሥራነሽ ዱላ አነሳች፤ በእጇ ልትወቃው።

ያኔ አያ አበረ መጡ፤ አራት በሬ እየነዱ። በረዶው ምንም ያላስቀረላቸው አያ አበረ። ሊጣሉ የመጡ መስሎኝ ተነሳሁ። በሬዎቹን አውድማው ላይ አስገቡና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።
«አምና በጊዮርጊስ ጤፌን አጭጃለሁ» አሉ ጮክ ብለው። «እኔም ደመና አይቼ ነው። ማሳዬ ገደሉ ሥር ስለሆነ ማንም አላየኝ። በረዶም አልመጣ። ከዚች ልጅ የምለየው ባለመታየቴ ነው። ሻሪ የምትሉ ከሆነ ሁለት በሉ።»
መንገደኛው ሁሉ ቆመ።

ሰባ ዓመት ያከማቹትን ክብር እንዲህ ሜዳ ላይ አውጥቶ መስጠት… ሰው ይህን ይችላል? ማንም አልጠየቃቸውም እኮ። ሥራነሽ አለቀሰች፣ እኔም አላስቻለኝም። «እጨጂ ያልኳት እኔ ነኝ» አልኩ ወደ መንገዱ፤ ድምፄ ግን የተሰማ አይመስለኝም።

ከቀትር በኋላ ጎረቤቷ አስማማው መንሹን ይዞ መጣ። ቀጥሎ ሌሎች ሦስት። ለምን እንደመጡ አልተናገሩም። ወቁ፣ ጠላውን ጠጡ፣ ሄዱ።

ታኅሣሥ 4
ስንዴው ጎተራ ገባ። እስከሚቀጥለው መኸር ያደርሳቸዋል። ደብረ ማርቆስ መሄዱ ቀረ።

አያ አበረን ሻሪ ብሎ የሚጠራ አፍ እስካሁን አልሰማሁም። እሳቸውን ትቶ እሷን ብቻ ሻሪ ማለት ደግሞ ሰዉን ሳያሳፍረው አልቀረም።

ማምሻዬን ብቅ አልኩ። ደጇ ላይ እህል ትለቅማለች።
«አሁንስ ቀለለሽ እትዬ?»
«ዛሬ ምንጩ ላይ ሥራነሽ ብለው ጠሩኝ» አለች።
«እና?»
«ሌላ ሰው የሚጠሩ መስሎኝ ዝም አልኩ።»