ቀኝ ትከሻዬና የታደለች ደጅ

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። ከዚያ በላይ ትከሻዬን ማወዛወዝ አልቻልሁም። ሲስተር ጽጌ በስልኬ የቀዳችልኝ ድምፅ፣ “ዓይንሽን አትጨፍኚ። እግርሽ ወለሉን ሲነካ ይሰማሽ። ትከሻሽ የፈለገውን ያህል ብቻ ይንቀሳቀስ” ይላል። ግራው ይሄዳል። ቀኙ፣ ያ በመሣሪያ ሰደፍ የተመታው፣ አሁንም ጆሮዬ ሥር እንደተሰቀለ ነው።

“ካስጠላሽ አቁሚ፤ ማቆምም ልምምዱ ነው” ትላለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ጤና ጣቢያ ለምትሰበስበን ሴቶች ሁሉ የምትለው ይህንኑ ነው። ለእኔ ግን ማቆም አይሆንልኝም። የቀረኝ አራት ቀን ነው።

ዛሬ ከበሮ መቺዋ ፍሬ መጥታ፣ “ዘንድሮ ለሻደይ አንቺ ካላቀነቀንሽልን ማን ሊያቀነቅንልን ነው?” አለችኝ። ከጦርነቱ ወዲህ አፌን ከፍቼ አላውቅም። እሺ አልኋት። ለበዓሉ ፍቅር ብዬ አይደለም። ዓርብ ልጃገረዶቹ የሻደዩን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ አቀንቃኟ ቸሩን ታወድሳለች፣ ንፉጉን ትሸነቁጣለች። ባለቤቱ ደጁ ላይ ቆሞ ይሰማል፤ ወጉ ነው፣ አይሸሽም። ታደለች ደጅ እሄዳለሁ።

ታደለች ጎረቤታችን ናት። ታጣቂዎቹ የገቡ ቀን “እህል ያለው የትኛው ቤት ነው?” ሲሏት ቤታችንን በጣቷ ስታሳያቸው በበሩ ስንጥቅ አይቻታለሁ። እህሉን ጫኑት። እኔን ደበደቡኝ፣ ሦስት ቀን ጓዳ ቆለፉብኝ። እሷ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ “እንደምን አደርሽ ልጄ?” ትለኛለች። እኔም “እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ?” እላለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን እትዬም እርስዎም የላትም። ታደለች ናት።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ቡሄ። ከጠዋት ጀምሮ ጅራፍ ሲጮህ ዋለ። የመጀመሪያው ሲጮህ አልጋ ሥር ነበርሁ፤ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ለሲስተር ጽጌ ስነግራት፣ “ጅራፍ መሆኑን ጭንቅላትሽ ያውቃል። ሰውነትሽ ግን ገና አልሰማም። ቀስ ብለሽ ንገሪው” አለችኝ። የሚታዩኝን ሦስት ነገሮች በስማቸው እንድጠራም አዘዘችኝ። ቤት ስገባ ሞከርሁ፦ ጆንያ። የእናቴ ጃንጥላ። በር። በመስኮት ታደለችን ከዝናብ ልብሷን ስታነሳ አየኋትና አራተኛ አደረግኋት። ትከሻዬ ወዲያው ተሰቀለ።

ሲስተር ለምን እንደምቸኩል ጠይቃኝ ነበር። “ለበዓሉ” አልሁ። ዋሸኋት።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

እናቴ ያዘችኝ። የቄስ ሚስት የነበረች ሴት፣ በፍልሰታ ጾም ልጇ ብቻዋን ስትወዛወዝ ብታይ ምን ትላለች?

“በጾም ጭፈራ! ሁለት ቀን መታገሥ አቃተሽ?”

ሕክምና ነው ብላት “ሐኪሟ ናት ጨፍሪ ያለችሽ?” አለች። የስልኩን ድምፅ ከፈትሁላት። እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ “ይህ ነገር ለጉልበትም ይሆናል?” ብላ አረፈችው። አብረን ቆምን። ነጠላዋን አደግድጋ ጉልበቷን ስትሰብቅ ሳቄ አመለጠኝ። በሳቄ መሃል ቀኝ ትከሻዬ ሁለት ጣት ያህል ወረደ።

ዛሬ የሆነልኝ፦ አራት ደቂቃ ሙሉ። አንድ ጥልቅ ትንፋሽ። ግጥሙም አለቀ።

የሰው ደጅ ጠቁማ የእሷን ያተረፈች፣
እንደምን አደረች? እንደምን ከረመች?

ሲጥም! አሥር ጊዜ ደገምሁት። ሃያ ልጃገረድ እየተቀበለ ሲመልሰው ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ፊቷ አመድ ሲመስል ማየት እፈልጋለሁ። ስትንቀጠቀጥ ማየት እፈልጋለሁ። ጾም ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ቢሆንም እፈልጋለሁ።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

አበዛሁት። በቀን አንድ ጊዜ የተባልሁትን ስድስት ጊዜ ሠራሁ። ለዘመቻ የምሰለጥን መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ክንዴ የውኃ ጆግ ማንሳት አቃተው። በንዴት አለቀስሁና ለሲስተር ደወልሁ።

“ሰውነትሽን እየቀጣሽው ነው። እሱ ምን አደረገሽ?” አለችኝ።

እሱማ ምን አደረገኝ? ያደረገችኝ ከአጥሩ ማዶ ለነገ እንግዶቿ ደጇን እየጠረገች ነው።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ዛሬውኑ ልጻፈው፤ ካደረ ሌላ መልክ እሰጠዋለሁ።

ፍሬ ከበሮውን ስትመታ ትንፋሼ ተዘጋ። እግሬን መሬት አስነካሁ፣ የፍሬን ሹሩባ አየሁ፣ ተከፈተልኝ። ሰባት ቤት ዞርን። አምስተኛው ላይ ቀኝ ትከሻዬ ተሰበቀ! ልጃገረዶቹ እልል አሉ፤ ምን ማለት እንደሆነ የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ። ስምንተኛው የእሷ ቤት ነበር።

ነጭ ለብሳ ወጣች። ፈገግ አለችልኝ። የመጀመሪያውን ስንኝ ለቀቅሁት። ልጃገረዶቹ ምንም ሳያውቁ ተቀበሉት። ሁለተኛ ሲመልሱት ገባት። ፈገግታዋ ደረቀ። የበሩን መቃን ያዘች። ከትከሻዋ ጀምሮ ተንቀጠቀጠች፤ ትንፋሿ ገብቶ አልወጣ አለ፤ ዓይኗ ከበሮው ላይ ተተከለ። ይህን ነገር አውቀዋለሁ። እፍረት ብቻ አይደለም። ያ ቀን እሷንም አልለቀቃትም።

ሁለተኛው ስንኝ ምላሴ ላይ ነበር። እጄን ዘርግቼ ከበሮውን አስቆምሁ። “እግርዎን መሬት ያስነኩ። ዓይንዎን አይጨፍኑ። ያችን ዶሮ ይዩ” አልኋት። በእርስዎ! በገዛ አፌ! ልጃገረዶቹ አሟት ነው ብለው ውኃ አመጡላት። ትንፋሿ ሲመለስ ትቻት ሄድሁ።

ተናድጃለሁ። ስንት ዘመን የጠበቅሁትን ቀን ራሴ አበላሸሁት።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ጠዋት መጣች። ከአጥሩ ወዲህ አልገባችም።

“የጠቆምሁት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ።”

“አፈሙዙ እዚህ ነበር” ብላ ማጅራቷን ነካች። “ይቅር በይኝ ለማለት አልመጣሁም። እንዴት ብዬ?”

“እኔም ይቅር አላልሁዎትም።” 

ዝናብ ማካፋት ጀመረ። ግቢ አላልኋትም። በልቤ ይበልሽ አልኋት። ነጠላዋ እስኪርስ ቆማ፣ “ልጄ፣ ያን የትናንቱን አስተምሪኝ። ያ ቀን ትዝ ባለኝ ቁጥር እንዲህ ነው የምሆነው” አለች።

“እኔ አላስተምርም። ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሲስተር ጽጌ ብለው ይጠይቁ።”

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁት። ፊት ለፊት እምቢ አልኋት! ልቤ ቅቤ ጠጣ። እናቴን ጠርቼ ቁርሴን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

እጄን ስታጠብ ነው ትዝ ያለኝ። ማክሰኞ ከሰዓት እኔም እዚያው ነኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ክብ ሠርተን ትከሻ ለትከሻ ነው የምንቆመው። መጥታ ከጎኔ ብትቆም ምን እንደማደርግ አላውቅም።