የሜዳሽ ምረቃ ላይ ያልተገኘሁበት ምክንያት

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለቴምዋ፣

እንደምን ከርመሻል? አውስትራሊያ አሁን ብርድ ነው ይላሉ፤ ደረትሽን አልያዘሽም? ባልሽ ሞፋትስ እንዴት ነው? ትንሿ ታዎንጋ ጥርስ አበቀለች? እኛ ደህና ነን። እማዬ ወገቧን አሟት ሰነበተች፤ አሁን ግን ወደ ሐይቁ ወርዳ ዓሣዋን ራሷ ታሰጣለች።

ባለፈው ወር መጥተሽ የኔትቦል ሜዳው በስምሽ ሲመረቅ፣ ንዳድ ይዞኛል ብዬ ቀረሁ። ንዳድ አልነበረም። የያዘኝ ቅናት ነው። ለማንም አልተናገርሁም፤ ላንቺ ግን ልንገርሽ።

ጠዋት የብሔራዊ ቡድኑን አሮጌ ማሊያዬን ለብሼ፣ በምረቃው ላይ የመጀመሪያውን ኳስ ላቀብልሽ ወጥቼ ነበር። መንገድ ላይ ዓሣ ነጋዴዋ ኔሊ አየችኝና «አንቺ የቴምዋ እህት፣ አንቺም ትጫወቺ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ክፉ አስባ አይደለም፤ እውነትም አታውቅም። ዘጠኝ ዓመት የአገሬ ቡድን ተከላካይ ነበርሁ፣ ቴምዋ። በጭነት መኪና ሁለት ቀን ተጉዘን፣ አንድ ጫማ ለሁለት እየተዋዋስን ተጫውተናል። የጉልበቴ ጅማት ሲበጠስ ማን ዞር ብሎ አየኝ? አንቺ ግን የምትጫወቺው በደመወዝ፣ በሐኪም፣ በአውሮፕላን ነው። ተመልሼ ብርድ ልብስ ተከናነብሁ።

የድምፅ ማጉያው ቤት ድረስ ይሰማል። «ኳስ ወደ ቀለበቱ መወርወር ያስተማረችኝ እህቴ ሱዝጎ ናት፤ ዛሬ አሟታል» ስትዪ ሰማሁ። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ይባስ ነደደኝ። ደግነትሽም አስቀናኝ። ደግነቱን እንኳ ለኔ ብትተዪልኝ ምን ነበረበት ብዬ አለቀስሁ።

ከሄድሽ በሳምንቱ ወደ ሜዳው ወረድሁ። ልጃገረዶቹ ይለማመዳሉ። የአንዷን ረጅም ልጅ ክንድ ላስተካክል ስል «ቴምዋ እንዲህ አትይዝም፤ በቪዲዮ አይቻታለሁ» ብላ ተከራከረችኝ። «እስቲ አግቢብኝ» አልኋት። ሰባት ጊዜ ወረወረች፤ ሰባቱንም አየር ላይ መታሁባት። ኳሱን አቅፋ ቆመችና «እትዬ፣ ለመሆኑ ማን ነዎት?» አለችኝ። «ሱዝጎ ነኝ» አልኋት። የማን እህት እንደሆንሁ አልነገርኋትም። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ አሠለጥናቸዋለሁ።

ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽሽም። ስትመጪ ግን ሜዳው ላይ ፊት ለፊት እንቁም። ጉልበቴን በጨርቅ አስሬ እጠብቅሻለሁ፤ ወደየት እንደምትዞሪ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሞፋትን ሰላም በይልኝ። የታዎንጋን ሁለቱንም ጉንጮች ሳሚልኝ። እማዬን በጣም ናፍቀሻታል፤ የንዳዱን ነገር ግን እንዳትነግሪያት። ወንድማችን ቺዛ ሰላም ብሎሻል፤ ጀልባውን አዲስ ቀለም ቀብቶ ስምሽን በትልቁ ጽፎበታል። ይኸው በመስኮት እያየሁት ነው የምጽፍልሽ።

እህትሽ ሱዝጎ
ንካታ ቤይ፣ ኦገስት 19 ቀን 2018